በኤምፒኤልኤስ ሌየር 3 ቪፒኤን ላይ የፋስት ሪራውት መጠባበቂያ መንገዶችን ማዋቀር

በኤምፒኤልኤስ ሌየር 3 ቪፒኤን አቅራቢው ፓኬቶችን በሌብል (በላያቸው በሚለጠፍ ቁጥር) እየመራ የደንበኛውን ጣቢያዎች ያገናኛል። አንድ ደንበኛ ከሁለት ፒኢ ራውተሮች (ደንበኛ ከሚገናኝባቸው የአቅራቢው የጠርዝ ራውተሮች) ጋር ስለተገናኘ ብቻ አንዱ ሲወድቅ ትራፊኩ ወዲያው ወደ ሌላው ይዞራል ማለት አይደለም። ተጨማሪ ዝግጅት ካልተደረገ ብልሽቱ መጀመሪያ መታወቅ አለበት፤ ከዚያ ቢጂፒ (ራውተሮች መንገዶችን የሚለዋወጡበት ፕሮቶኮል) መንገዱን ይሰርዛል፤ ስረዛው በራውት ሪፍሌክተር (የቢጂፒ መንገዶችን ለሌሎቹ በሚያከፋፍለው ራውተር) በኩል ሌላው ጫፍ ላይ ላለው ፒኢ ይደርሳል፤ እሱም የተሻለውን መንገድ እንደገና መርጦ የማስተላለፊያ ሰንጠረዡን መስመር በመስመር ያድሳል። ቪአርኤፉ (ፒኢው ላይ ያለው የደንበኛው የተለየ የራውቲንግ ሰንጠረዥ) ብዙ ሺህ መንገዶች ካሉት ይህ ሰንሰለት ሰከንዶችን ይበላል። ብልሽቱን የሚያሳውቀው የቢጂፒ ሆልድ ታይመር (ጎረቤት ዝም ሲል እንደወደቀ እስኪቆጠር የሚጠበቀው ጊዜ) ብቻ ከሆነ ደግሞ በሲስኮ ነባሪ ቅንብር እስከ 180፣ በጁኖስ (በጁኒፐር ራውተሮች ሶፍትዌር) እስከ 90 ሰከንድ መጠበቅ ይመጣል።

ፋስት ሪራውት ቅደም ተከተሉን ይለውጠዋል። መጠባበቂያው መንገድ ብልሽት ከመድረሱ በፊት ተሰልቶ ከነሌብሉ በማስተላለፊያ ሰንጠረዡ ውስጥ ይቀመጣል። ዋናው ሲቋረጥ የሚቀየረው መንገዶቹ ሁሉ በጋራ የሚደገፉበት አንድ ጠቋሚ ነው፤ ስለዚህ ቪአርኤፉ 50 መንገድ ይኑረው 50,000፣ የመዞሪያው ጊዜ ያው ነው። ይህ ሁሉ ግን የሚሠራው መጠባበቂያው መንገድ ራውተሩ ዘንድ ከደረሰ ነው። ያልደረሰውን መንገድ የትኛውም የማብሪያ ትእዛዝ አይፈጥረውም። ከታች ያለው ቅደም ተከተል መንገዱን ከማድረስ ተነሥቶ ወደ ማብራት የሚሄደው በዚህ ምክንያት ነው።

ትእዛዞቹ እዚህ በድምፃቸው ተጽፈዋል፤ ራውተሩ ላይ የሚገቡት በተለመደው ፊደላቸው ነው።

ብልሽቱ የት ነው?

የብልሽት ቦታዎቹ ሦስት ናቸው፤ እያንዳንዳቸው በተለያየ ራውተር ላይ የሚዋቀር የተለያየ ጥበቃ ይፈልጋሉ።

የመጀመሪያው ኮር (የአቅራቢው የውስጥ ኔትወርክ) ውስጥ ያለ መስመር ወይም ፒ ራውተር (ደንበኛ የማይገናኝበት የውስጥ ራውተር) ነው። መውጫው ፒኢ ደህና ስለሆነ የቪፒኤን ሌብሉ እንዳለ ይቆያል፤ የሚቀየረው ከላዩ ያለው የማጓጓዣ ሌብል ብቻ ነው። ይህ የአይጂፒው (የኮሩ የውስጥ ራውቲንግ ፕሮቶኮል) እና የማጓጓዣ ሌብሉን የሚሰጡት የኤልዲፒ፣ የሴግመንት ራውቲንግ ወይም የአርኤስቪፒ-ቲኢ ሥራ ነው። ሁለተኛው መውጫው ፒኢ ራሱ ሲጠፋ ነው። የቪፒኤን ሌብሉን የሰጠው ራውተር ስለሌለ ኮሩ ሊረዳ አይችልም፤ መግቢያው ፒኢ የሌላውን ፒኢ አድራሻና ሌብል አስቀድሞ ይዞ መገኘት አለበት። ሦስተኛው በፒኢና በሲኢ (በደንበኛው ራውተር) መካከል ያለው መስመር ሲቋረጥ ነው። እዚህ መውጫው ፒኢ በሕይወት አለ፤ የደረሰውን ፓኬት ወደ ሁለተኛው ፒኢ የሚገፋበት መንገድ ሊኖረው ይገባል። ሁለተኛውና ሦስተኛው በቢጂፒ ፒክ ኤጅ (መጠባበቂያ የቢጂፒ መንገድን አስቀድሞ በሚያስቀምጠው ዘዴ) ይሸፈናሉ።

ኮሩ ላይ ብቻ ጥበቃ አብርቶ ለደንበኛ የ50 ሚሊሰከንድ ተስፋ መስጠት በሰፊው የሚታይ ስህተት ነው፤ የደንበኛው የመጨረሻ መስመር ሲቆረጥ ያ ጥበቃ ምንም አያደርግም።

የምሳሌው ኔትወርክ

ደንበኛው በአንድ ጣቢያ ከፒኢ1 እና ከፒኢ2 ጋር በኢቢጂፒ (በተለያዩ ድርጅቶች ኔትወርኮች መካከል በሚሠራው ቢጂፒ) ተገናኝቷል፤ ሌላው ጣቢያው ከፒኢ3 ጋር ነው። ሎፕባኮቹ (የራውተሮቹ ቋሚ መለያ አድራሻዎች) በቅደም ተከተል 192.0.2.1፣ 192.0.2.2 እና 192.0.2.3 ናቸው። የአቅራቢው ራስ ገዝ ቁጥር 64500፣ ቪአርኤፉ «ቀይ»፣ ደንበኛው የሚያስተዋውቀው መንገድ 203.0.113.0/24 ነው። ፒኢ1 ከሲኢው የሚመጣውን መንገድ ሎካል ፕሪፈረንስ (ከፍ ያለው የሚመረጥበት የቢጂፒ ቁጥር) 200 ይሰጠዋል፤ ፒኢ2 በነባሪው 100 ላይ ይተወዋል። ስለዚህ ፒኢ1 ዋና፣ ፒኢ2 ተጠባባቂ ነው። ሦስቱም ፒኢዎች ከራውት ሪፍሌክተር ጋር በቪፒኤንቪ4 (የቪፒኤን መንገዶችን በሚሸከመው የቢጂፒ ክፍል) ይነጋገራሉ።

ደረጃ 1፦ ለየፒኢው የተለየ ራውት ዲስቲንጉሸር

ራውት ሪፍሌክተር በነባሪው ለአንድ የቪፒኤንቪ4 መንገድ የሚያስተላልፈው አንዱን፣ የተሻለውን ብቻ ነው። ፒኢ1 እና ፒኢ2 ሁለቱም 64500:100 የሚል አርዲ (ራውት ዲስቲንጉሸር) ከተጠቀሙ የሚልኩት መንገድ ለሪፍሌክተሩ አንድና ያው ነው፤ የፒኢ1ን መርጦ የፒኢ2ን ያስቀረዋል። ፒኢ3 መጠባበቂያ እንዳለ እንኳ አያውቅም።

መፍትሔው አርዲውን በሎፕባኩ አድራሻ መመሥረት ነው፦

ፒኢ1፦ «አርዲ 192.0.2.1:100»
ፒኢ2፦ «አርዲ 192.0.2.2:100»
ፒኢ3፦ «አርዲ 192.0.2.3:100»

ራውት ታርጌቱ ግን በሦስቱም ላይ 64500:100 ሆኖ ይቀራል። የትኛው መንገድ ወደየትኛው ቪአርኤፍ እንደሚገባ የሚወስነው ታርጌቱ ነው፤ አርዲው መንገዶቹን ከመለየት ያለፈ ሥራ የለውም።

በሥራ ላይ ባለ ቪአርኤፍ አርዲ መቀየር የዚያን ቪአርኤፍ መንገዶች በሙሉ አስነሥቶ እንደገና ያስተዋውቃል። በአንዳንድ የአይኦኤስ (የሲስኮ ራውተሮች ሶፍትዌር) ስሪቶች አርዲው ሲነሣ በቢጂፒ ሥር ያለው የቪአርኤፉ ቅንብርም አብሮ ይጠፋል፤ ስለዚህ ከመጀመርዎ በፊት ያንን ክፍል ቀድተው ያስቀምጡ። ሁለቱ ፒኢዎች አንድ አርዲ የሚጋሩ ከሆነ ደግሞ ሁለቱንም መንካት አያስፈልግም። የተጠባባቂውን የፒኢ2ን ብቻ ይቀይሩ፤ በዚያ ሰዓት ትራፊኩ በፒኢ1 በኩል ስለሚያልፍ ደንበኛው አይጎዳም። ይህን ከማድረግዎ በፊት ግን ሌሎች ደንበኞች ወይም ሌሎች መንገዶች በፒኢ2 ላይ ባለው በዚያው ቪአርኤፍ የሚያልፉ አለመሆናቸውን ያረጋግጡ።

አርዲውን መቀየር የማይቻል ከሆነ አዲሽናል ፓዝስ የተባለው የቢጂፒ ችሎታ በሪፍሌክተሩና በፒኢዎቹ ላይ ሊበራ ይችላል። ይህ የሁሉንም ድጋፍና የሴሽኖች ዳግም መነሣት ስለሚጠይቅ የተለየ አርዲ ይመረጣል። የተለየ አርዲ ዋጋው ማኅደረ ትውስታ ነው፦ ሪፍሌክተሩ ለአንድ የደንበኛ መንገድ ሁለት ይይዛል፣ ፒኢ3ም እንዲሁ።

ደረጃ 2፦ ተጠባባቂው ፒኢ መንገዱን እንዳይደብቅ

አርዲው ተለይቶም ፒኢ3 ላይ ሁለተኛው መንገድ ላይታይ ይችላል። ምክንያቱ ፒኢ2 ውስጥ ነው። ፒኢ2 ከፒኢ1 የመጣውንና ሎካል ፕሪፈረንሱ 200 የሆነውን መንገድ ወደ ቪአርኤፉ ያስገባል፤ ከራሱ ሲኢ የመጣውን 100 ከሱ ጋር አወዳድሮ የፒኢ1ን ይመርጣል። ቢጂፒ የሚያስተዋውቀው የመረጠውን ነው፤ ከአይቢጂፒ (በአቅራቢው በራሱ ራውተሮች መካከል ከሚሠራው ቢጂፒ) የተማረውን ደግሞ ለሌላ አይቢጂፒ ጎረቤት አይመልስም። ውጤቱ ፒኢ2 ስለዚህ መንገድ ዝም ይላል።

ዝምታውን የሚሰብረው ቤስት ኤክስተርናል ነው። ፒኢው ምርጡ መንገዱ የአይቢጂፒ ቢሆንም ከውጭ ከተማራቸው መካከል የተሻለውን እንዲያስተዋውቅ ያደርገዋል። በአይኦኤስ ላይ በፒኢ2፦

«ራውተር ቢጂፒ 64500»
«አድረስ-ፋሚሊ ቪፒኤንቪ4»
«ቢጂፒ አድቨርታይዝ-ቤስት-ኤክስተርናል»

በሌላው የሲስኮ ሶፍትዌር በአይኦኤስ ኤክስአር ላይ ትእዛዙ «አድቨርታይዝ ቤስት-ኤክስተርናል» ነው።

ሁለቱ ፒኢዎች እኩል ሎካል ፕሪፈረንስ ካላቸው ይህ ደረጃ አያስፈልግም፤ እያንዳንዱ የራሱን የኢቢጂፒ መንገድ ስለሚመርጥ ሁለቱም ያስተዋውቃሉ።

አሁን ፒኢ3 ላይ «ሾው ቢጂፒ ቪፒኤንቪ4 ዩኒካስት ቪአርኤፍ ቀይ 203.0.113.0» ይበሉ። ኔክስት ሆፓቸው (ፓኬቱ ቀጥሎ የሚላክበት ራውተር) 192.0.2.1 እና 192.0.2.2 የሆኑ ሁለት መንገዶች ካልታዩ ወደ ደረጃ 3 አይለፉ።

ደረጃ 3፦ መጠባበቂያውን ወደ ማስተላለፊያ ሰንጠረዥ ማስገባት

በአይኦኤስ ላይ በቪአርኤፉ አድረስ-ፋሚሊ ወይም ለሁሉም በአንድ ጊዜ በቪፒኤንቪ4 ሥር፦

«ቢጂፒ አዲሽናል-ፓዝስ ኢንስቶል»

በአንዳንድ የአይኦኤስ መሣሪያዎች ሰንጠረዡ በተዋረድ እንዲገነባ «ሴፍ ቴብል አውትፑት-ቼይን ቢልድ ፌቨር ኮንቨርጀንስ-ስፒድ» መጨመር ያስፈልጋል። ይህ ካልተደረገ መጠባበቂያው ቢኖርም መዞሩ እንደ ድሮው መንገድ በመንገድ ይሆናል፤ በጥቂት መንገዶች ሲሞከር ፍጹም ይመስላል፣ ብዛቱ ሲጨምር ይዘገያል።

በአይኦኤስ ኤክስአር ሥራው በራውት ፖሊሲ ያልፋል፦

«ራውት-ፖሊሲ ባክአፕ»
«ሴት ፓዝ-ሴሌክሽን ባክአፕ 1 ኢንስቶል»
«ኤንድ-ፖሊሲ»

ከዚያ በቪአርኤፉ አይፒቪ4 ዩኒካስት ሥር «አዲሽናል-ፓዝስ ሴሌክሽን ራውት-ፖሊሲ ባክአፕ»።

ጁኖስ ሁለቱን ብልሽቶች ለያይቶ ያያል። ለሩቁ ፒኢ መውደቅ በመግቢያው ፒኢ ራውቲንግ-ኢንስታንስ ውስጥ «ራውቲንግ-ኦፕሽንስ ፕሮቴክት ኮር»፤ ለፒኢ–ሲኢ መስመር መቋረጥ በመውጫው ፒኢ ላይ በሲኢው የቢጂፒ ግሩፕ «ፋሚሊ ኢኔት ዩኒካስት ፕሮቴክሽን»። በተጨማሪ «ሎድ-ባላንስ ፐር-ፓኬት» የሚል ፖሊሲ ተጽፎ በ«ፎርዋርዲንግ-ቴብል ኤክስፖርት» መጠራት አለበት፤ አለበለዚያ መጠባበቂያው በራውቲንግ ሰንጠረዡ ይታያል እንጂ ወደ ማስተላለፊያው ሃርድዌር አይወርድም። ጁኖስ ላይ በብዛት የሚረሳው ይህ ነው።

ትእዛዙ የሚያስፈልገው የት ነው? ፒኢ3 ላይ፣ ፒኢ1 ሲጠፋ ወደ ፒኢ2 የሚዞረው እሱ ስለሆነ። ፒኢ1 ላይም፣ የሲኢው መስመር ሲቆረጥ በመንገድ ላይ ያሉትን ፓኬቶች ወደ ፒኢ2 የሚያሻግረው እሱ ስለሆነ። ፒ ራውተሮች የደንበኛ መንገድ ስለማይይዙ፣ ሪፍሌክተሩም ከትራፊኩ መንገድ ውጭ ከሆነ፣ አይመለከታቸውም።

ኔክስት ሆፑ በሌላ መንገድ እንዳይፈታ

ፒኢ1 ሲወድቅ ፒኢ3 የሚነቃው 192.0.2.1/32 ከአይጂፒው ሲጠፋ ነው። የ/32 መጥፋት እንዳይታይ የሚያደርጉ ሁለት ነገሮች አሉ። አንደኛው በአይጂፒ ኤሪያዎች መካከል ሎፕባኮችን ማጠቃለል ነው፤ 192.0.2.0/24 ብቻ ለፒኢ3 ከደረሰው የአንዱን ፒኢ ሞት አያይም። ኤልዲፒም በነባሪው ሌብሉን የሚያስተሳስረው ከትክክለኛው /32 ጋር ስለሆነ ማጠቃለል ቪፒኤኑን ራሱን ይሰብራል። ሁለተኛው በግሎባል ሰንጠረዡ ላይ ያለ ነባሪ መንገድ ነው፦ /32ው ጠፍቶም ኔክስት ሆፑ በ0.0.0.0/0 በኩል «የሚደረስ» ይመስላል፣ ትራፊኩም ባዶ ውስጥ ይፈሳል። በአይኦኤስ «ቢጂፒ ሪከርሽን ሆስት» ኔክስት ሆፑ በ/32 ብቻ እንዲፈታ ያስገድዳል። በቪፒኤንቪ4 ሥር ፒክ ሲበራ አብሮ ይበራል፤ ቅንብሩ ውስጥ ማንም «ኖ» ብሎ አለማጥፋቱን ግን ይመልከቱ።

ደረጃ 4፦ የሌብል አሰጣጥና አደገኛው ሎፕ

እዚህ ላይ ቆም ማለት ይገባል፤ የተሳሳተ ቅንብር ጥበቃውን ወደ ብልሽት ይለውጠዋልና።

ፒኢ2 ለቪአርኤፉ በሙሉ አንድ ሌብል ይሰጣል እንበል። ሲስኮ ፐር-ቪአርኤፍ፣ ጁኖስ ቪአርኤፍ-ቴብል-ሌብል የሚለው ነው። የፒኢ1 እና የሲኢው መስመር ሲቋረጥ ፒኢ1 ፓኬቱን በዚያ ሌብል ወደ ፒኢ2 ይልካል። ፒኢ2 ሌብሉን ገልጦ መድረሻውን በቪአርኤፉ ውስጥ ይፈልጋል። ምርጡ መንገዱ ግን አሁንም በሎካል ፕሪፈረንስ 200 በፒኢ1 በኩል ነው፤ የስረዛው መልእክት ገና አልደረሰውም። ስለዚህ ፓኬቱን ወደ ፒኢ1 ይመልሰዋል፣ ፒኢ1 እንደገና ወደሱ፤ ቲቲኤሉ (የፓኬቱ የጉዞ ገደብ) እስኪያልቅ ድረስ ይመላለሳል። በዚያች ቅጽበት በሁለቱ ፒኢዎች መካከል ያለው መስመር በዚህ ትራፊክ ስለሚጨናነቅ ብልሽቱ የማይመለከታቸው ደንበኞች ጭምር ይጎዳሉ።

ሌብሉ ለየመንገዱ የሚሰጥ ከሆነ፣ ማለትም ፐር-ፕሪፊክስ፣ ፒኢ2 ላይ ያለው ሌብል በቀጥታ ወደ ሲኢው መስመር ያመራል፤ የአይፒ ፍለጋ ስለሌለ ፓኬቱ አይመለስም። በሲስኮ ነባሪው ይህ ነው። አንድ ሌብል ለአንድ ቪአርኤፍ መስጠት ግድ ከሆነ ግን ዋናና ተጠባባቂ የሚለውን ትተው ሁለቱን ፒኢዎች በእኩል ሎካል ፕሪፈረንስ ያሠሩ፤ ያኔ ፒኢ2 ሲፈልግ የሚያገኘው የራሱን ሲኢ ነው።

ሁለቱም የሲኢ መስመሮች በአንድ ጊዜ ከተቆረጡ፣ ለምሳሌ ሲኢው ራሱ ሲጠፋ፣ ሁለቱ ፒኢዎች ቢጂፒው እስኪረጋ ድረስ ሊመላለሱ ይችላሉ። ይህ በመለስተኛ ጊዜ የሚያልፍ ቢሆንም በፒኢዎቹ መካከል በቂ የመስመር አቅም መኖሩን ማየት ይገባል።

ደረጃ 5፦ ኮሩን መጠበቅ

ቀላሉ ኤልኤፍኤ (ሎፕ የማይፈጥር ተለዋጭ መንገድ) ነው። ራውተሩ አንድ ጎረቤቱን መጠባበቂያ አድርጎ የሚይዘው ጎረቤቱ ፓኬቱን መልሶ የማይልክበት ከሆነ ብቻ ነው፤ መስፈርቱም ከጎረቤቱ እስከ መድረሻው ያለው ዋጋ፣ ከጎረቤቱ እስከ እኔና ከእኔ እስከ መድረሻው ካለው ድምር ማነሱ ነው።

ይህ ስሌት ቀለበት ላይ የት እንደሚከሽፍ እንይ። አራት ራውተሮች ሀ፣ ለ፣ ሐ፣ መ በቀለበት ተያይዘዋል፤ እያንዳንዱ መስመር ዋጋው 10 ነው። ሀ ወደ መ በቀጥታ በ10 ይደርሳል። መስመሩ ቢቆረጥ መጠባበቂያው ለ ይሆን? ከለ እስከ መ ያለው ዋጋ 20 ነው፤ ከለ እስከ ሀ 10፣ ከሀ እስከ መ 10፣ ድምሩ 20። 20 ከ20 አያንስም፤ ለ መጠባበቂያ ሊሆን አይችልም። ቀለበት ባለበት ኮር ላይ ተራ ኤልኤፍኤ አብርቶ ሽፋን ተገኘ ማለት የማይቻለው በዚህ የተነሣ ነው።

ሪሞት ኤልኤፍኤ ክፍተቱን ይሞላል። ሀ ፓኬቱን በለ አሳልፎ እስከ ሐ በሌብል ይሸከመዋል፤ ሐ ወደ መ የሚሄደው በራሱ ቀጥተኛ መስመር ስለሆነ አይመለስም። በአይኦኤስ በኦኤስፒኤፍ (አንዱ የአይጂፒ ዓይነት) ሥር፦

«ፋስት-ሪራውት ፐር-ፕሪፊክስ ኢኔብል ኤሪያ 0 ፕሪፊክስ-ፕራዮሪቲ ሎው»
«ፋስት-ሪራውት ፐር-ፕሪፊክስ ሪሞት-ኤልኤፍኤ ኤሪያ 0 ተነል ኤምፒኤልኤስ-ኤልዲፒ»

ሀ ከሐ ጋር ቀጥተኛ ጎረቤት ስላልሆነ የተነጣጠረ የኤልዲፒ ሴሽን ያስፈልገዋል። ስለዚህ በሁሉም ፒ ራውተሮች ላይ «ኤምፒኤልኤስ ኤልዲፒ ዲስከቨሪ ታርጌትድ-ሄሎ አክሰፕት» ይኑር። ይህ ከጎደለ ስሌቱ ይሠራል፣ ሴሽኑ ግን አይነሣም፤ መጠባበቂያውም አይጻፍም።

ኮሩ በሴግመንት ራውቲንግ የሚሠራ ከሆነ ቲአይ-ኤልኤፍኤ ይምረጡ። በቀለበትም በሌላም ቅርጽ፣ ሁለተኛ መንገድ በአካል እስካለ ድረስ ይሸፍናል፤ ትራፊኩንም የሚወስደው አይጂፒው ከረጋ በኋላ በሚመርጠው መንገድ ላይ ነው። በኤክስአር፣ አይጂፒው አይኤስ-አይኤስ ሲሆን፣ በየኢንተርፌሱ «ፋስት-ሪራውት ፐር-ፕሪፊክስ» እና «ፋስት-ሪራውት ፐር-ፕሪፊክስ ቲአይ-ኤልኤፍኤ» ይበቃል።

ከተራ ኤልኤፍኤ በስተቀር የኮር ጥበቃ በሚዞርበት ጊዜ ሌብል ሊጨምር ይችላል። አንድ ሌብል 4 ባይት ነው። 1500 ባይት የሆነ የደንበኛ ፓኬት በሁለት ሌብል 1508፣ ሪሞት ኤልኤፍኤ ሲጨመርበት 1512 ይሆናል፤ ቲአይ-ኤልኤፍኤ ከዚያም በላይ ሊወስደው ይችላል። የኮሩ ኤምቲዩ (በመስመሩ የሚያልፈው የፓኬት ከፍተኛ መጠን) ለ1508 ብቻ ከተለካ በመዞሩ ጊዜ ትንሹ ፒንግ ያልፋል፣ ትልቁ ፓኬት ይጠፋል። ቢያንስ 1600፣ ከተቻለ 9000 አካባቢ ያድርጉት።

ደረጃ 6፦ ብልሽቱን ቶሎ ማወቅ

መጠባበቂያው ዝግጁ ሆኖ ብልሽቱ ካልታወቀ ጥቅም የለውም። ፒኢና ሲኢ በቀጥታ ፋይበር ከተገናኙ የብርሃኑ መጥፋት ወዲያው ይታወቃል፤ ኢንተርፌሱ ላይ ያለው «ካሪየር-ዲሌይ» ግን በአንዳንድ የአይኦኤስ መሣሪያዎች በነባሪው 2 ሰከንድ ስለሆነ ለመውረድ 0 ሚሊሰከንድ ያድርጉት። መካከል ላይ ስዊች ወይም የማስተላለፊያ መሣሪያ ካለ ግን የሩቁ ጫፍ ሲቆረጥ የቅርቡ ኢንተርፌስ «አፕ» እንዳለ ይቀራል። እዚያ ቢኤፍዲ (ጎረቤቱን በፈጣን አጫጭር መልእክቶች የሚፈትሽ ፕሮቶኮል) ግድ ነው። 50 ሚሊሰከንድ በ3 ብዜት በ150 ሚሊሰከንድ ያሳውቃል። ቢኤፍዲው በመስመር ካርዱ ሳይሆን በዋናው ፕሮሰሰር የሚሠራ ከሆነ ይህን ያህል ማጥበቅ ፕሮሰሰሩ ሲጨናነቅ ደህናውን መስመር ይጥላል፤ 300 በ3 ይሻላል።

የመመለሻው ትራፊክ ከሲኢው ስለሚነሣ ቢኤፍዲው በሁለቱም ጫፍ መኖር አለበት። የአንድ አቅጣጫ ጥበቃ ለደንበኛው ጥበቃ አይደለም።

የፒኢ መውደቅ በአይጂፒው ፍጥነት ይወሰናል። በኦኤስፒኤፍ «ታይመርስ ትሮትል ኤስፒኤፍ 50 200 5000» ጥሩ መነሻ ነው፤ በድሮ አይኦኤስ የመጀመሪያው ቁጥር 5000 ሚሊሰከንድ ስለሆነ ሳይታይ እንዳያልፍ። ፒኢ3 የሩቁን ፒኢ ሞት የሚያውቀው ጎረቤቶቹ ሲያሳውቁትና ስሌቱ ሲያልቅ ስለሆነ ለዚህ ብልሽት የ50 ሚሊሰከንድ መዞርን ተስፋ ማድረግ ትክክል አይደለም።

ደረጃ 7፦ ማረጋገጥና መሞከር

በአይኦኤስ «ሾው አይፒ ሴፍ ቪአርኤፍ ቀይ 203.0.113.0 ዲቴይል» ላይ «ሪፔር» የሚል መስመር ይፈልጉ፤ የቢጂፒው ሰንጠረዥ «ባክአፕ/ሪፔር» ብሎ ሴፉ (የማስተላለፊያ ሰንጠረዡ) ዝም ካለ መጠባበቂያው ለፓኬት አልተዘጋጀም። በጁኖስ «ሾው ራውት ኤክስቴንሲቭ» ሁለት ኔክስት ሆፖችን ከነክብደታቸው ያሳያል፤ ክብደቱ ዝቅ ያለው ዋናው ነው።

ለሙከራ በሰከንድ 1000 ፓኬት በእኩል ርቀት የሚልክ የትራፊክ ማመንጫ ያቁሙ። እያንዳንዱ የጠፋ ፓኬት 1 ሚሊሰከንድ ነው፤ 40 ከጠፋ መቋረጡ 40 ሚሊሰከንድ ፈጅቷል። በሁለቱም አቅጣጫ ይላኩ፤ ግማሹን ትልቅ ፓኬት ያድርጉ፣ ኤምቲዩው እንዲፈተን።

«ሻትዳውን» ብሎ ኢንተርፌስ መዝጋት ሙከራ አይባልም፤ ራውተሩ ስለሚያውቀው ጉዳዩን በሥርዓት ይዘጋዋል። ፋይበሩን ይንቀሉ። ከዚያ የመላኪያውን ክር ብቻ፣ ቀጥሎ የመቀበያውን ብቻ ነቅለው ይድገሙ፤ በአንድ ወገን ብቻ የሚቆረጥ መስመር ያለ ቢኤፍዲ ሳይታወቅ የሚቆይበት ሁኔታ የሚገለጠው እዚህ ነው። የፒኢ1ን ኃይል ይቁረጡ። በቪአርኤፉ ውስጥ መጀመሪያ 10፣ ቀጥሎ 10,000 መንገድ አስገብተው ሁለቱን ውጤቶች ያነጻጽሩ፤ ጊዜው ከመንገዱ ብዛት ጋር ካደገ ሰንጠረዡ በተዋረድ አልተገነባም፤ ወደ ደረጃ 3 ይመለሱ።

የተነቀለውን ሲመልሱም ቆጣሪውን አያቁሙ። ብዙ ጊዜ ከመውደቁ ይልቅ መመለሱ ብዙ ፓኬት ያጠፋል፦ አይጂፒው መስመሩን ወዲያው ይጠቀምበታል፣ ኤልዲፒው ግን ሌብሎቹን ገና አልተለዋወጠም፤ የቪፒኤን ፓኬቱ ያለ ማጓጓዣ ሌብል ይቀርና ይጣላል። በኮር ራውተሮች ሁሉ ላይ በኦኤስፒኤፍ ሥር «ኤምፒኤልኤስ ኤልዲፒ ሲንክ» ያብሩ፤ ኤልዲፒው እስኪዘጋጅ አይጂፒው መስመሩን በከፍተኛ ዋጋ ያቆየዋል። ዳግም ለሚነሣ ፒ ራውተር ደግሞ «ማክስ-ሜትሪክ ራውተር-ኤልኤስኤ ኦን-ስታርትአፕ 300» ለ300 ሰከንድ ትራፊክ እንዳያልፍበት ያደርጋል። ይህን ካስገቡ በኋላ የመመለሱን ሙከራ ብቻ ለይተው ይድገሙ።